ከቶኪዮ ለአንድ ቀን በረዶ ሸርተቴ፦ ስለ አየሩና ስለ ሰልፉ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዲሴምበር ሲገባ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። ለትምህርት የመጣውም፣ ለሥራ የመጣውም፣ ናሪታ አርፎ ገና ሻንጣውን ያልተቀበለውም የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ስኪ መቼ እንሂድ?» ለእያንዳንዱ በድምፅ መልእክት ስመልስ ጉሮሮዬ አለቀ። ይኸው ጻፍኩት።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር። ሰዓቶቹን የጻፍኩት ትኬትና የጣቢያ ሰሌዳ ላይ እንደሚታዩት ነው። 8፡00 ስል የእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለቴ ነው። አንድ ጓደኛዬን «አንድ ሰዓት ላይ ጣቢያው በር ላይ እንገናኝ» ብዬው ምሳውን በልቶ መጥቷል። ክረምት የሚለውንም ቃል ትቼዋለሁ፤ ክረምት ሲባል ሐምሌና ጭቃ ትዝ የሚለን ብዙ ነን።

ቶኪዮ ሆኜ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል?

ይቻላል፣ ያውም ሳይዋከቡ። ከቶኪዮ ጣቢያ በጆኤትሱ ሺንካንሰን፣ በፈጣኑ ባቡር፣ 75 ደቂቃ ገደማ ተቀምጣችሁ ስትነሱ ጋራ ዩዛዋ ናችሁ። ይህ ጣቢያ የተሠራው ለስኪ ነው፤ የሚከፈተውም በበረዶው ወራት ብቻ ነው። የትኬት በሩን እንዳለፋችሁ የመሣሪያ ኪራዩ፣ ልብስ መቀየሪያውና በገመድ ተንጠልጥሎ ወደ ተራራው የሚያወጣው ዝግ ክፍል፣ ጎንዶላው፣ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ናቸው። ጃፓኖቹ ስሙን ሲጠሩት «ጋራ» ነው የሚሉት። ለእኛ ጆሮ ከዚህ የተሻለ የተራራ ስም ከየት ይመጣል?

ዛሬ ቶኪዮ ጠራራ ፀሐይ ነው። እዚያስ በረዶ ይኖራል?

በዚህ ጥያቄ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ቶኪዮ ሰማዩ ጥርት ያለበት ቀን ብዙ ጊዜ እዚያ በረዶ የሚወርድበት ቀን ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። በብርዱ ወራት ከሳይቤሪያ ደረቅና ቀዝቃዛ አየር ይነሳል። በጃፓን ባሕር ላይ ሲያልፍ ከታች ያለው ውኃ ከእሱ በጣም ይሞቃል፤ ከደቡብ የሚመጣ ሞቃት የባሕር ጅረት አለ። አየሩ እንፋሎቱን ጠጥቶ፣ ደመና ሆኖ ይቀጥላል። ከዚያ መሐል አገር ያሉት ተራሮች ይገትሩታል። ሽቅብ ሲገፋ የተሸከመውን ሁሉ እዚያው ያራግፋል። ተራራውን ተሻግሮ ቶኪዮ ሲደርስ የቀረው ደረቅ ነፋስና ሰማያዊ ሰማይ ነው። ለዚህ ነው ጃንዋሪ ላይ ቶኪዮ ከንፈር የሚሰነጠቀው፣ 200 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለው ዩዛዋ ደግሞ ጣሪያ ላይ የተከመረ በረዶ በአካፋ የሚዛቀው።

ባቡሩ ውስጥ ሆናችሁ ይህን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ሜዳው ላይ ስትከንፉ የባሮ ሽንኩርት ማሳው አረንጓዴ ነው፣ ፀሐዩ በመስኮት ዓይን ይወጋል፣ ጃኬት አውልቃችኋል። ከዚያ ጨለማ። ዳይ ሺሚዙ የሚባለው ዋሻ 22 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ጆሮ ይደፈናል፤ ስልክ የያዘው ቀና ይላል። ባቡሩ ከዋሻው ሲወጣ ሁሉም ነጭ ነው። የመብራት እንጨቱ አናቱ ላይ ቆብ ደፍቷል፣ የቆመ መኪና ጉብታ ሆኗል። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ፊት ለፊቴ የተቀመጠች ሕፃን እጇን መስታወቱ ላይ ለጥፋ «ዋ!» አለች። እኔም ብያለሁ፣ ቀስ ብዬ።

ስለዚህ በመስኮታችሁ የምታዩት ሰማይ ስለ ተራራው ምንም አይነግራችሁም።

ታዲያ ቀኑን መቼ ልወስን?

ከሁሉም በላይ የምመክረው ይህን ነው፦ ተራራውን ቀድማችሁ ምረጡ፣ ቀኑን ግን እስከ ዋዜማው አትቁረጡ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ከአንድ ወር በፊት «ቅዳሜ 14» ብሎ ይቆርጣል፣ ከዚያ ዝናብ ይወርድበታል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

እኔ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ክፍት አደርጋለሁ። ሥራ ቦታ «ማክሰኞ ወይ ሐሙስ ልወጣ እችላለሁ» እላለሁ፤ አለቃዬ ለምዶታል። የጃፓን ሜትሮሎጂ ኤጀንሲ ትንበያውን በቀን ሦስት ጊዜ፣ በ5፡00፣ በ11፡00 እና በ17፡00 ያድሳል። የዋዜማው የ17፡00 ትንበያ ሲወጣ ሻይ ይዤ ቁጭ እላለሁ። ጥሩ ከሆነ ቦርሳዬን አዘጋጃለሁ፤ ካልሆነ ምስር ወጤን ሠርቼ እተኛለሁ።

ጆኤትሱ ሺንካንሰን ላይ ወንበር የማይያዝባቸው፣ ቀድሞ የደረሰ የሚቀመጥባቸው ፉርጎዎች አሉ። የእነሱ ትኬት በዕለቱ ይገዛል። ወንበር አስይዛችሁ ከሆነም ባቡሩ ሳይነሳ ትኬቱን አንድ ጊዜ ያለ ክፍያ መቀየር ትችላላችሁ። ባቡርና ሊፍት (በገመድ ተንጠልጥሎ ተራራው ላይ የሚያወጣችሁ ወንበር) አንድ ላይ የታሰረበት የአንድ ቀን ጥቅል ትኬት ይረክሳል፣ እውነት ነው። ግን ቀን ያስቆርጣችኋል። ከዋጋውና ከነፃነቱ የሚበልጥባችሁን ምረጡ፤ እኔ ነፃነቱን እመርጣለሁ።

ትንበያው ላይ ምኑን ነው የማየው?

መጀመሪያ ትክክለኛውን ቦታ እዩ። ዩዛዋ ያለው ኒጋታ አውራጃ ውስጥ ነው፤ ነገር ግን ኒጋታ ከተማን ብትፈልጉ የምታገኙት የባሕር ዳር አየር ነው። ቹኤትሱ የሚለውን ክፍል ወይም ራሱን ዩዛዋን ምረጡ።

የኤጀንሲው የሳምንት ትንበያ ከእያንዳንዱ ቀን ሥር ኤ፣ ቢ ወይም ሲ የሚል ደረጃ አለው። ትንበያው ምን ያህል እንደሚታመን የሚነግረው እሱ ነው። ኤ ካለ እመኑት። ሲ ካለ የሥዕሉን ፀሐይ አይታችሁ አትደሰቱ፣ የዝናቡንም ጃንጥላ አይታችሁ አትዘኑ፤ ሊገለበጥ ይችላል።

ቀጥሎ ሙቀቱ። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር በአማካይ 0.6 ዲግሪ ይቀንሳል። የጋራ ዩዛዋ ጫፍ 1,181 ሜትር ነው። ከተማው ላይ 3 ዲግሪ ከሆነ ጫፉ ላይ ከዜሮ በታች ይሆናል፣ መሐሉ ግን እርጥብ ነው። ከተማው ላይ 6 ወይም 7 ካለ ዝናብ ያሰጋችኋል።

ሦስተኛው ነፋስ ነው፤ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። ሊፍትን የሚያቆመው በአብዛኛው በረዶው አይደለም፣ ነፋሱ ነው። የተራራው ጫፍ ላይ በሰከንድ 10 ሜትር ሲል እጠራጠራለሁ፤ 15 ካየሁ አልሄድም። የስኪ ቦታው ድረ ገጽ ላይ «ኡንኪዩ» ካለ ቆሟል ማለት ነው። «ሚያዋሴ» ካለ ለጊዜው ይዘውታል፣ ሊከፈት ይችላል። እነዚህን ሁለት ቃላት በጃፓንኛ ፊደል ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ።

በመጨረሻ፣ በዕለቱ ጠዋት 6፡30 ላይ የተራራውን የቀጥታ ካሜራ ክፈቱ። እኔ የማየው ሰማዩን አይደለም፤ የሊፍቱን ወንበሮች ነው። ወደ ጎን ከተወዛወዙ አልጋዬ ይሻለኛል።

በረዶው እየወረደ ልሂድ ወይስ በማግስቱ?

በማግስቱ። ኃይለኛ በረዶ በሚወርድበት ቀን ጉምና ነፋስ ይኖራል፤ እጃችሁን ዘርግታችሁ ጣታችሁ የማይታይበት ጊዜ አለ። ጀማሪ ደግሞ መሬቱ የት እንደሚያዘቀዝቅ ካላየ ይፈራል። ሌሊቱን ሲጥል አድሮ ንጋት ላይ ነፋሱ ከበረደ ግን በሩጫ ነው የሚኬደው። ያን ቀን በረዶው እንደ ጤፍ ዱቄት ነው። ብትወድቁ አያማችሁም፣ ስትነሱ ይረግፋል። እኛ አገር በረዶ ስንል ቆርቆሮ የሚደበድበው ነው ትዝ የሚለን። ይሄ ሌላ ነገር ነው።

አንድ ችግር አለ። ይህን ሌላውም ያውቃል። ማግስቱ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ፤ ቅዳሜ ከሆነ ግማሽ ቶኪዮ እዚያ ነው። ለዚያም ደግሞ ጠዋት ያልተነካው በረዶ ከ10፡30 በኋላ የለም፣ ታርሷል። ስለዚህ በማለዳ።

የትኞቹን ቀኖች ልሽሽ?

ከዲሴምበር 29 እስከ ጃንዋሪ 3 ያለውን። የጃፓን አዲስ ዓመት ነው፣ ሁሉም እረፍት ላይ ነው። ቀጥሎ የጃንዋሪ ሁለተኛ ሰኞ በዓል ስለሆነ ያ ቅዳሜና እሑድ ሦስት ቀን ይሆናል። ፌብሩዋሪ 11 እና ፌብሩዋሪ 23 በዓላት ናቸው። የጨረቃ አዲስ ዓመት በጃንዋሪ መጨረሻና በፌብሩዋሪ መሐል ሲውል ከቻይና፣ ከታይዋንና ከሌላውም አገር ብዙ ጎብኚ ይመጣል፤ ያኔ ባቡር ደርሶ የሚቆምበት ጋራ ዩዛዋ የመጀመሪያው ተጠቂ ነው። ማርች 20 ወይም 21ም በዓል ነው፣ ግን ያኔ ሰዉ ቀንሷል።

ፌብሩዋሪና ማርች የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እረፍት ስለሆነ ረቡዕም ቢሆን ወጣት አይጠፋም። የሚያስፈራ አይደለም። ሰልፉ አምስት ደቂቃ ነው፣ ሙዚቃው ብቻ ይጮኻል።

አሁን ለእኛ የተተወ የሚመስለኝን ልንገራችሁ። ገና ጃንዋሪ 7 ነው። ጥምቀት ጃንዋሪ 19 ወይም 20። ሁለቱም ጃፓን ውስጥ ተራ የሥራ ቀን ናቸው። የአዲስ ዓመቱ ግርግር አልፏል፣ ተማሪው ወደ ክፍል ተመልሷል ወይም ሊመለስ ነው፣ በረዶው ደግሞ ጥሩ የሚሆንበት ወቅት እየጀመረ ነው። ቅዳሜና እሑድ ካልገጠመ በቀር ተራራው ጭር ያለ ነው። የገና ዕለት እረፍት ወስጄ ከቅዳሴ መልስ ጥቂት ተኝቼ ሄጄ አውቃለሁ። ለከሰዓት ብቻ የሚሸጥ የሊፍት ትኬት አለ፣ ለእንዲህ ያለ ቀን ይሆናል።

እኔ ከቅዳሜ ሌላ ቀን የለኝም። ልተወው?

አትተዉት። ግን የእኔን ጥፋት አትድገሙ።

አንድ ዓመት የፌብሩዋሪ በዓል ካለበት ቅዳሜ ስድስት ሆነን ሄድን። ቦታውን ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱም የእነሱ ብቻ አልነበረም። ቁርስ በልተን፣ ቡና አፍልተን፣ 10፡00 ላይ ደረስን። የኪራዩ ሰልፍ የበዓል ዋዜማ ዶሮ ተራን ይመስላል። ፎርም ሞልተን፣ የጫማ ቁጥር ነግረን፣ ጫማው ጠቦ ተመልሰን ተሰልፈን፣ 11፡40 ሆነ። ከዚያ የጎንዶላ ሰልፍ። ከዚያ ምሳ፣ እሱም በሰልፍ። ያን ቀን አራት ጊዜ ብቻ ወረድኩ። ለአራት ቁልቁለት የከፈልኩትን አስቤ ሳምንቱን ሙሉ ተናድጃለሁ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሆነ ከቶኪዮ በ6፡00 አካባቢ በሚነሱት የመጀመሪያዎቹ ባቡሮች ነው የምሄደው። ሊፍት በአብዛኛው 8፡00 ወይም 8፡30 ላይ ይከፈታል፤ ከዚያ በፊት መሣሪያችሁን አድርጋችሁ ቁሙ። የኪራይ ፎርሙን በኢንተርኔት ቀድሞ መሙላት ከተቻለ ማታውኑ ሙሉት፣ የጫማ ቁጥራችሁንም በሴንቲ ሜትር እወቁ፤ እዚህ 42 ቁጥር ቢሉ የሚሰማ የለም። ምሳ ወይ 10፡45 ወይ 13፡30 ላይ ብሉ። ሰው ሁሉ ምግብ ቤት ሲሰለፍ ሊፍቱ ባዶ ይሆናል፤ የቅዳሜ ወርቃማ ሰዓት እሷ ናት።

ስትወጡ የሁሉም ሰው ዓይን ያለበትን የመሐለኛውን ሊፍት ትታችሁ ወደ ጎን ሂዱ። ዳር ላይ ያለ፣ ሁለት ሰው የሚጭን ቀርፋፋ አሮጌ ሊፍት ብዙ ጊዜ ሰልፍ የለውም።

ከጋራ ዩዛዋ ሌላ የት ይኬዳል?

ኤቺጎ ዩዛዋ ጣቢያ ብትወርዱ ዙሪያው ስኪ ነው። አንዳንዶቹ ቦታዎች ከጣቢያው ነፃ አውቶቡስ ይልካሉ። እኔ የምወደው ካጉራን ነው፤ ከጣቢያው በአውቶቡስ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ነው። ጫፉ 1,845 ሜትር ስለሆነ ታች ዝናብ ሲሆን እዚያ በረዶ ነው። ዲሴምበር መጀመሪያና ኤፕሪል ላይ ሌላው ሲያልቅ እሱ ይሠራል። ጉድለቱ የላይኛው ሊፍት ለነፋስ ስስ መሆኑ ነው። ከጎኑ ናኤባ አለ፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ድራጎንዶላ 5,481 ሜትር ይረዝማል፣ ጃፓን ውስጥ ከሱ የሚረዝም ጎንዶላ የለም። ለማየት ብቻም ቢሆን አንድ ጊዜ ይገባል።

አየሩ ካስፈራችሁ ወደ ካሩይዛዋ ዙሩ። በሆኩሪኩ ሺንካንሰን ከቶኪዮ 70 ደቂቃ ያህል ነው፣ ከጣቢያው በእግር ይደረሳል። ያለው ከተራራው በዚህኛው፣ በደረቁ በኩል ስለሆነ ፀሐይ አይጠፋበትም። በረዶው በአብዛኛው በማሽን የሚሠራ ነው፤ ጠዋት ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ስለሚደርስ ይዞላቸዋል። ኖቬምበር ላይ የሚከፍተውም ለዚህ ነው። ዱቄት በረዶ የለም፣ ቁልቁለቱ አጭር ነው። ግን ለጀማሪና ለልጆች ምንም አይወጣለትም፤ ከቤተሰቡ ስኪ የማይፈልግ ካለ ጣቢያው ጎን ትልቅ የገበያ ማዕከል አለለት። ካርዱን ግን ቤት ይተው።

ሀኩባ የ1998ቱ የናጋኖ ኦሎምፒክ አንዳንድ ውድድሮች የተካሄዱበት ነው፣ ውብ ነው። በአንድ ቀን ግን አትሞክሩት። ናጋኖ ድረስ በባቡር፣ ከዚያ ከአንድ ሰዓት በላይ በአውቶቡስ። ማደር አለባችሁ።

ስንት የን ይዤ ልውጣ?

ባቡሩ ደርሶ መልስ ከ13,000 እስከ 14,000 የን። ሊፍት ከ6,000 እስከ 8,000። ኪራይ ልብሱንም ከጨመራችሁ ወደ 10,000 ይጠጋል፤ ጓንት፣ ኮፍያና መነጽር ከቤት ከያዛችሁ ይቀላል። ምሳ 1,500።

የውጭ አገር ፓስፖርት ካላችሁ፣ ነዋሪም ብትሆኑ፣ ጄአር ቶኪዮ ዋይድ ፓስ የሚባለውን የባቡር ትኬት እዩ። ለሦስት ተከታታይ ቀን የሚሠራ ነው፤ ጋራ ዩዛዋንም ካሩይዛዋንም ይሸፍናል። ለጎብኚ ደግሞ ከላይ ላልኩት ዘዴ የተሰፋ ልብስ ነው። ሦስቱን ቀን ይዛችሁ፣ አየሩ ጥሩ የሆነውን ቀን ለስኪ፣ የቀሩትን ለኒኮ ወይም ለሌላ ጉብኝት ታውላላችሁ።

አውቶቡስ ይረክሳል። መኪናስ?

አውቶቡስ በግማሽና ከዚያ በታች ዋጋ ይወስዳችኋል። ከሺንጁኩ ማለዳ ወይም ሌሊት ይነሳል። ቅዳሜ ማታ መመለሻው ላይ ግን አውራ ጎዳናው ይዘጋጋል፤ ሦስት ሰዓት የተባለው አምስት ይሆናል። ለተማሪ ኪስ እሺ፣ በማግስቱ ሥራ ላለው አይሆንም።

መኪና አልመክርም። ቶኪዮ የምትከራዩት መኪና በተራ ጎማ ነው የሚመጣው፤ የበረዶ ጎማ፣ እነሱ «ስታድለስ» የሚሉትን፣ ቀድማችሁ ካልጠየቃችሁ አይሰጧችሁም። ጃፓን የምትቀበለው ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድም በ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነት የወጣውን ነው፤ የያዛችሁት እሱ መሆኑን ሳታረጋግጡ ገንዘብ አትክፈሉ። ለማሳያ ያህል፣ ዲሴምበር 2020 ላይ ወደ ዩዛዋ በሚወስደው በካንኤትሱ አውራ ጎዳና ከ2,000 በላይ መኪኖች በበረዶ ተውጠው ሰዎች ውስጡ አድረዋል። ሺንካንሰኑ በዚያ በኩል ሐዲዱ ላይ ውኃ የሚረጭ፣ በረዶ የሚያቀልጥ መሣሪያ ስላለው ቶሎ አይበገርም።

ቶኪዮ ራሷ በረዶ ከጣለባትስ?

ያኔ ነገሩ ይገለበጣል። ቶኪዮ ላይ በረዶ የሚያመጣው ከሳይቤሪያ የሚመጣው ነፋስ አይደለም፤ በደቡብ ባሕር ዳር የሚያልፍ ዝቅተኛ ግፊት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጃንዋሪ መጨረሻ እስከ ማርች። ከተማዋ አልለመደችውም። ፌብሩዋሪ 2014 ላይ 27 ሴንቲ ሜትር ጥሎ ባቡሩ፣ ታክሲው፣ ሁሉም ተናግቷል። ትንበያው ለቶኪዮ በረዶ ካለ ስኪውን ለሌላ ቀን አድርጉት። ተራራው ሳይሆን ከቤታችሁ እስከ ቶኪዮ ጣቢያ ያለው መንገድ ነው የሚያግታችሁ።

ዝናብ ሆነ። ልሰርዝ?

አዎ። ወይም ወደ ካጉራ ከፍ በሉ። ዝናብ ውስጥ ስኪ ሞክሬዋለሁ፤ የውስጥ ሱሪዬ ድረስ ረጥቤ፣ በረዶው ደግሞ እንደ ቀዘቀዘ ገንፎ እግሬን እየያዘኝ።

ማርች ላይ ሌላ ነገር አለ። ቀን የቀለጠው ሌሊት ይጋገራል። ጠዋት መስታወት ነው፣ 10፡00 ላይ ልክ ይመጣል፣ ከሰዓት ይላቁጣል። ያኔ ማለዳ መጣደፍ አያስፈልግም፤ ቁርሳችሁን ብሉ።

ምን ልልበስ? ሹሩባዬስ?

ጂንስና የጥጥ ካልሲ አይሆንም፤ ይረጥባል፣ ከዚያ ይበርዳል። ቀጭን ሱፍ ወይም የስፖርት ልብስ ከውስጥ፣ ውኃ የማያስገባ ከላይ። ቅባቱን አትርሱ፤ በረዶ ላይ የሚመለሰው ፀሐይ የእኛንም ቆዳ ይልጣል።

ሹሩባ ለምትሠሩ እህቶች፣ አናት ላይ የተቆለለ ከሆነ ሄልሜቱ አይገባም። ወደ ኋላ የወረደ ቁጢት ወይም አልባሶ ይሆናል። ይህን የነገረችኝ እህቴ ናት፣ ኪራይ ቤቱ ውስጥ መስታወት ፊት ሃያ ደቂቃ ከታገለች በኋላ።

ሁዳዴ ነው። ምሳ ምን እበላለሁ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የስኪው ወቅትና ዐቢይ ጾም ይገናኛሉ። ተራራ ላይ ያለው ምግብ ካሪ፣ ራመን (ኑድል በመረቅ) እና የተጠበሰ ሥጋ ነው። ካሪው ሥጋ ባይታይበትም ድልሁ ውስጥ ብዙ ጊዜ የእንስሳት ስብ አለ። ኡዶን የሚባለው ወፍራም ኑድል ጾም ይመስላል፣ መረቁ ግን ከደረቀ ዓሣ ነው። ጣቢያው ካለው ሱቅ ኦኒጊሪ፣ የተጠቀለለ ሩዝ፣ ግዙ፤ ኡሜ የተባለው ጎምዛዛ ፍሬ ያለበትንና ኮምቡ የሚባለው የባሕር ተክል ያለበትን። ኮምቡው አንዳንዴ የዓሣ ማጣፈጫ ስለሚገባበት አጥባቂ ከሆናችሁ ኡሜው ይሻላል። እኔ ቆሎ በኪሴ ይዣለሁ። ሊፍት ላይ ተቀምጦ ቆሎ መቆርጠም የራሱ ደስታ አለው። ሙስሊም ወንድሞችና እህቶችም የራመኑ መረቅ በአብዛኛው የአሳማ መሆኑን አስቡ።

ሳፖሮ ነው ያለሁት። ይሄ ሁሉ ይሠራል?

የቀኑ አመራረጥ ያው ነው፣ ኑሮው ግን ይቀላል። ሳፖሮ ተይኔ የ1972ቱ ኦሎምፒክ አንዳንድ ውድድሮች የተካሄዱበት ተራራ ነው፤ በባቡርና በአውቶቡስ ከሰዓት በታች ትደርሳላችሁ። በረዶው ደረቅ ነው፣ ዝናብ ጃንዋሪ ላይ ብዙ አያሳስብም። ኒሴኮ የሚባለው የስኪ ቦታ ከሁለት ሰዓት በላይ ስለሚወስድ ለአንድ ቀን ይጎትታል። የሳፖሮ የበረዶ ፌስቲቫል በሚካሄድበት በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ሆቴልም አውቶቡስም ይሞላል።

ሞክሬው አላውቅም። ሀበሻ ከስኪ ጋር ምን አገናኘው?

ሮቤል ተክለማርያም 2006 ቱሪን ላይ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ በበረዶው ኦሎምፒክ በስኪ ተወዳድሯል፣ 2010 ቫንኩቨር ላይም ደግሟል። ለመጀመሪያ ቀን የሁለት ሰዓት ትምህርት ግዙ፤ «ጓደኛዬ ያስተምረኛል» የሚለው ጓደኝነት ያበላሻል። እንግሊዝኛ የሚናገር አስተማሪ ቀድሞ ስለሚያዝ እሱን ብቻ ቀን ቆርጣችሁ መያዝ ይኖርባችኋል።

መመለሻውስ?

ከ15፡30 በኋላ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ የጎንዶላው ሰልፍ፣ የመሣሪያ መመለሻው ሰልፍ፣ የባቡሩ ሰልፍ ይከተላል። ወይ 14፡45 ላይ ውረዱ፣ ወይ ጨርሳችሁ ቆዩ። እኔ እቆያለሁ። ኤቺጎ ዩዛዋ ጣቢያው ውስጥ የአካባቢውን የሩዝ ጠጅ በሳንቲም ማሽን የሚያቀምስ ቤት አለ፣ ፍል ውኃ መታጠቢያም አለው። ንቅሳት ያላችሁ ግን ቀድማችሁ ጠይቁ። ጃፓን ውስጥ ብዙ መታጠቢያ ቤት ንቅሳት ያለበትን አያስገባም፣ የአንገት ንቅሳትና የግንባር መስቀልም ለእነሱ ያው ነው። አንድ ጊዜ አክስቴን ይዤ ሄጄ በሩ ላይ ያለችው ሴትዮ ግንባሯን አይታ ተጨነቀች። የሃይማኖት ምልክት እንደሆነ በተሰባበረ ጃፓንኛ አስረዳሁ። ሴትዮዋ ገባ ብላ ትንሽ የቁስል ፕላስተር ይዛ መጣች፣ በሁለት እጇ። አክስቴ ለጠፈችው፣ ገባች፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አልወጣችም። ባቡሩ አመለጠን።